ሦስተኛው እጥበት

ሃያ ዓመት ሙሉ ከቀለም ቤት በርሜል፣
ጨርቅ ስነክር ኖርኩ፣ እጄ ኑግ እስኪመስል፤
ፋብሪካው ሲቀንስ እኔም ተቀነስኩኝ፣
ኮምቦልቻ ኮሌጅ ብልቃጥ አጣቢ ሆንኩኝ።

እዚያ ነው ያየኋት አንሻን፣ የሐርቡን ልጅ፣
ምሳዋን ረስታ ጠርሙስ ይዛ በእጅ።
«ጋሽ ይመር፣ ይዩት» አለች፣ ሐምራዊ መብራት አብርታ፤
አንዱ ጠርሙስ አረንጓዴ፣ ሌላው ቀይ ፈካ ላንድ አፍታ።
«ማዕድኑ ያው ነው» አለችኝ፣
«ልዩነቱ መጠን ነው።»
እኔ ቀለም ነካሪው፣ ያልተነከረ ቀለም አይቼ
ቆሜ ቀረሁ፣ መወልወያዬን ትቼ።

ናኖ ክሪስታል ይሉታል። ዓይን አይደርስበትም።
አሸዋ ቢሆን ይዘቅጥ ነበር፤ ይሄ ግን አይዘቅጥም፤
የፈሳሹ ግርግር ከዚህም ከዚያም እየመታው
ሲዋኝ ያድራል፣ ሲዋኝ ይውላል፣ ማንም ሳያሳርፈው።
እያንዳንዱ ደግሞ ጠጉር ለብሷል፣ የዘይት ጠጉር።
«ልባቸው ይሳሳባል» አለች፣ «ልብሳቸው ይገፋፋል፤
በሁለቱ መሐል ነው እንግዲህ ኑሯቸው።»
እኔ መገፋፋት ጠብ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ከትርፉ ዘይት ሁለቴ እጠብልኝ» ብላ ሐርቡ ወረደች።
ቀለም ቤት ግን ያስተማረኝ አንድ ሕግ ነው፤
በደንብ ያልታጠበ ውሎ አድሮ ባለቤቱን ያዋርዳል።
ሦስቴ አጠብኩ። ከልቤ።
ሰኞ ጠዋት ብልቃጡ ከላይ ጠርቷል፣
ከታች ጥቁር ጭቃ ተኝቷል።
ልብሳቸውን ገፍፌ ራቁታቸውን ብተዋቸው፣
መራራቂያ አጥተው ተናንቀው ሰመጡ።

የሁለት ወር ሥራዋ! አንሻ አልጮኸችም።
ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ጭቃውን ወዘወዘች፤
«አንዴ ከተጣበቀ አይፈታም» አለች።
አጎቶቼ ትዝ አሉኝ፤ ያንድ ጓሮ ሰዎች፣
ወንድም ለወንድም አጥር ምን ያደርጋል ብለው
አጥሩን አፍርሰው፣ ፍርድ ቤት ያረጁት።

እንደገና ጀመረች። ጠብታውን መስታወት ላይ አኖረች፤
ማራገቢያው በደቂቃ አደረቀው፣
ሁሉም ወደ ዳር ሮጠ፣ ዳሩ ላይ ቀለበት፣ መሐሉ ባዶ።
ስታበዛው ደግሞ ተሰነጣጠቀ፣ በጋ እንደመታው የጨፋ ረግረግ።
አሥራ አራት መስታወት ቆጠርኩ። አሥራ አራቱንም አጠብኩ።

አሥራ አምስተኛው ላይ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ መብራት ጠፋ።
ማራገቢያው ተንፍሶ ቆመ፤ አንሻ መብራት ኃይልን ረገመች፣
በስልኳ ብርሃን ፈልጋ ጠብታው ላይ ክዳን ደፋች።
ሽታው ራስ ያዞራል። «መስኮት ልክፈት?» አልኳት።
«ነፋስ እንዳይነካው።»
ኮሪደር ወጥተን ተቀመጥን። የጭነት መኪኖች
የደሴን ዳገት እያቃሰቱ ይወጣሉ።

በጨለማው ውስጥ፣ በክዳኑ ሥር፣ ፈሳሹ ቀስ እያለ ጎደለ፤
ያልቸኮለ ሁሉ ስፍራውን መረጠ፣
ያልተመቸው ተነሥቶ ሌላ ቦታ ተቀመጠ፤
አንዱን ስድስት ከበቡት፣ ጠጉር ከጠጉር ገብቶ፣
አንዱ ባንዱ ሳይሟሟ፣ ጎን ለጎን ተኝቶ።

ንጋት ላይ ክዳኑን አነሣች።
ስስ ገለፈት፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣
ባዘነበሉት ቁጥር እንደ ርግብ አንገት የሚለዋወጥ።
አንድ ጥጉ ተሰንጥቋል። አላየሁም አለች፤ አይታለች።
«መብራት ኃይልን ልታመሰግኚ ነዋ!» ብላት
ሳቀች፣ ከወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በሳምንቱ አዲስ ጠርሙስ ሰጠችኝ፤ ምንም አላለችም።
ሁለቴ አጠብኩ። እጄ ሦስተኛውን ጀመረ፣
ያዝኩት።
ጥቂት ዘይት ቀርቷል።
ይቅር።